መልስ፦ ጅማ ሆኜ የውሃ ዳር እንስሳት ፎቶ የት ልለማመድ?

ሰላም ወንድሜ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንስሳ እወዳለሁ፣ ሕልሜ ባህር ጠረፍ ላይ ፎቶ ማንሳት ነው ግን ጅማ ባህር የለም ላልከው፣ ቦዬ አለልህ እኮ፣ እዚሁ ጅማ ያለው ጉማሬና ወፍ የሚገኝበት ረግረግ! እኔ ከሃይስኩል ጀምሮ ነው የምመላለሰው እስካሁን አልጠገብኩትም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ድረስ፣ ጭጋጉ ውሃው ላይ ተኝቶ እያለ ጉማሬው ብቅ ሲል መጀመሪያ የምታየው ጆሮውን ነው፣ እርግፍግፍ ሲያደርገው ደግሞ ፀሐይዋ ከፊትህ ከሆነች ጠብታዎቹ ብልጭ ብልጭ እያሉ ይበተናሉ፣ እሷን ቅጽበት ለመያዝ ሹተር ስፒድህን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ፍጥነት) ከ1/1000 ሰከንድ በላይ ፈጣን አድርገው። ሌንስ 300 ሚሜ ከሆነ ለመጀመሪያ በቂ ነው። ወፎቹን ቆመህ አታንሳ፣ በደረትህ ተኛና በአይናቸው ልክ ሁን፣ ፎከሱ አይኑ ላይ ይረፍ፣ ልብስህ ቢጨቀይም ይታጠባል።

አደራ የምልህ፣ ጉማሬ ሌሊቱን ሳር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ነው ወደ ውሃው የሚመለሰው፣ በሱና በውሃው መሀል እንዳትገኝ፣ ከዛፍ ጥግ ሆነህ የሰፈሩን ሰው ጠይቀህ ግባ። ደግሞ አትዘግይ፣ እዚህ አካባቢ ረግረጉ ለጡብ ጭቃ እየተቆፈረ፣ ባህር ዛፍ እየተተከለበት ነው፣ ሳየው አንጀቴ ያራል፣ ያለውን አንሳና ለሰው አሳይ።

ባህሩ ሲቀናህ ጅቡቲ ታጁራ ባህረ ሰላጤ ሂድ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል፣ ብቻ ጨዋማው ንፋስ ካሜራ ስለሚበላ ማታ ማታ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረገው።