ስም ከማውጣታችሁ በፊት መዝኑ

ልጆቼ፣

ደሴ ላይ ለሠላሳ ዓመት ያህል ኬሚስትሪ ሳስተምር፣ ከእሳት የወጣ ነገር በላስቲክ ጠቅልለው «መምህር፣ ይህ ምንድን ነው?» የሚሉኝ ልጆች ጠፍተው አያውቁም። ጡረታ መውጣቴም አላስቀራቸውም። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ «እሳት ሳይገባ ስንት ግራም ነበር?» አብዛኛው ዝም ይላል።

አብሽሩ፤ እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ቀጥቃጭ ወናፍ አጠገብ ተቀምጬ ነጣ ያለ ድንጋይ ፍም ውስጥ ቀበርሁ። ማታ ነጭ ዱቄት ጠርጌ «ኖራ ሠራሁ!» እያልሁ ሰፈሩን አስቸገርሁ። ሎሚ ጠብ ሳደርግበት አረፋ ደፈቀ፤ ደስታዬ እጥፍ ሆነ። ያጋለጠኝ ግን ያው አረፋ ነው። በደንብ የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲነካው ይግላል እንጂ በሎሚ እንዲያ አይፈላም። የሚፈላው ጥሬው የኖራ ድንጋይ ነው፤ አመድም እንዲሁ። የጠረግሁት የከሰል አመድ ነበር። ድንጋዬ ከሥር እንዳለ ተቀምጧል።

ሚዛን ቢኖረኝ ኖሮ አልዋረድም ነበር። 100 ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለቅቆ 56 ግራም ይቀራል። 80 ከቀረ ወይ አልበሰለም፣ ወይ ድንጋዩ ንጹሕ አልነበረም። መዳብ ደግሞ ከአየር ኦክስጅን ስለሚወስድ ይከብዳል፤ 100 ግራሙ በሙሉ ወደ ጥቁር ኦክሳይድ ቢለወጥ 125 ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሳይመዘን እሳት የገባን ነገር ግን ማን መልሶ ይለቅመዋል?

ቀለምን እንደ ምስክር አትቁጠሩት። ከምድጃ የሚወጣ ጥቁር ነገር ብዙ ነው። ጥላሸት ከሆነ አየር ባለበት ዳግም ሲግል ነድዶ ይጠፋል። ከጋለ ብረት የሚረግፈውን ቅርፊት ማግኔት ይስበዋል። የመዳብ ኦክሳይድን ማግኔት አይስበውም፤ ለብ ያለ ኮምጣጤ ውስጥ ሲቆይ ግን ፈሳሹን ሰማያዊ ያደርገዋል። ያ ፈሳሽ መርዝ ነው፤ የቡና ስኒ ውስጥ እንዳትሞክሩት። በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ እሳት ውስጥ የሚጨምር፣ የመኪና ባትሪ የሚያቀልጥ ልጅ ግን ከእኔ ዘንድ አይምጣ። የዚንኩ ጭስ ያንቀጠቅጣል፣ እርሳሱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ከሰልም በተዘጋ ክፍል አታንድዱ፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ባለፈው አንድ ወጣት ከደላንታ፣ ከወገል ጤና ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ጥቁሩን ይዞ መጣ። ጥቁር ሆኖ አልተቆፈረም፤ በወረቀት ጠቅልሎ አጭሶታል። «አዲስ ማዕድን ፈጠርሁ» አለኝ። የደላንታ ኦፓል ውሃ የሚመጥ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ነው፤ ጭሱን የሚቀበለውም በዚያው ቀዳዳ ነው። ግለቱ ሲበዛበት ደግሞ ውሃውን ያጣል፣ ይሰነጠቃል። ጥቁረቱ ምን ያህል እንደዘለቀ ለማየት ጫፉን እንስበረው አልሁት። ድንጋዩን ወዲያው ኪሱ ከተተ።

«ሳይጨስ የቀረ ቁራጭ አለህ?» አልሁት።

አልነበረውም።