አስተዳዳሪው ፓርቲ ቀየሩ፤ እኔስ የመከተል ግዴታ አለብኝ?

ጥያቄ፦ የወረዳችን አስተዳዳሪ በቅርቡ ፓርቲ ቀይረዋል። እኔ እሳቸው አቅርበውኝ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኜ የተሾምኩ ነኝ፤ ከዚያ በፊት እዚያው ባለሙያ ነበርኩ። አሁን የአባልነት ቅጽ ልከው «እስከ ዓርብ ፈርመህ መልስ፤ እዚህ ያደረስኩህ እኔ ነኝ» አሉኝ። ባልፈርም ምን ይመጣብኛል?

መልስ፦ የመፈረም ግዴታ የለብዎትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 የፖለቲካ ድርጅት አባልነትን ለሰውየው ፍላጎት ነው የተወው። እ.ኤ.አ. የ1948ቱ ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም በአንቀጽ 20 ማንም ሰው በግድ የማኅበር አባል አይደረግም ይላል።

ላጽናናዎት ብዬ ግን እውነቱን አልሸፍንም። ሹመትዎ የፖለቲካ ሹመት ነው። የሾመ አካል ሊያነሳዎት ይችላል፤ «ወንበሬን መልሱልኝ» ብሎ ተከራክሮ መርታትም ከባድ ነው። ቋሚ የመንግሥት ሠራተኝነትዎ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሠራተኛ የሚሰናበተው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው። «ፓርቲያችን አልገባም» የሚል ምክንያት እዚያ ውስጥ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25ም በፖለቲካ አመለካከት ሰበብ አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። ስለዚህ ከኃላፊነት ካነሱዎት ወደ ሙያ ሥራዎ እንዲመልሱዎት ወዲያውኑ በጽሑፍ ይጠይቁ።

«ያደረስኩህ እኔ ነኝ» የሚለው ቃል እንደሚከብድ ይገባኛል። ውለታ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ደመወዝዎን የሚከፍለው ሕዝብ ነው፤ እሳቸውም ያቀረቡዎት በሕዝብ ሥልጣን ነው። ሰውየውን አክብረው፣ አመስግነው፣ ቅጹን ሳይፈርሙ መመለስ ይችላሉ። ይህን ክህደት የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል።

ቅጹን እስከ ታች ያንብቡት። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ መዋጮ ከደመወዝ እንዲቆረጥ መስማማትዎን የሚገልጽ መስመር ይኖራል። ያንን ከፈረሙ በጽሑፍ ተስማምተዋል ማለት ነው፤ በኋላ «ሳላውቅ ነው» ማለት አያዋጣም።

ትዕዛዙን በደብዳቤ እንዲሰጡዎት በትሕትና ይጠይቁ። እንዲህ ያለውን ነገር በወረቀት የሚያሰፍር አለቃ ብዙም የለም። ስለዚህ የላኩልዎት የስልክ መልዕክት ካለ አያጥፉ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለዎት በዕለቱ ይመዝግቡ። ከሥራ ካገዱዎት ወይም ካሰናበቱዎት መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ ቀጥሎ ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ያቅርቡ። የይግባኝ ቀኑ አጭር ነው፤ ሽማግሌ እየላኩ እንዳያልፍብዎት። ለእንባ ጠባቂ ተቋምም ማመልከት ይችላሉ።

የቅጥር ደብዳቤዎንና የሹመት ደብዳቤዎን ዛሬውኑ ኮፒ አድርገው ቤትዎ ያስቀምጡ። ከቢሮ ከወጡ በኋላ የራስን ፋይል ማግኘት ብዙ ያመላልሳል።