የቅዳሜው ጥያቄና መልስ፦ ቀላልና የማይለዋወጥ የጎልፍ ምት

ባለፈው ቅዳሜ ሜክሲኮ አካባቢ ማኪያቶ ይዘን ስንጫወት ጥያቄው በዛና አንዱንም በቅጡ ሳልመልስ ተለያየን። ጻፉልኝ አልኩ። ጻፋችሁም፤ ከጠበቅኩት በላይ። እኔ አሠልጣኝ አይደለሁም። በአሥራ ሦስት ዓመቴ የሰው ቦርሳ ተሸክሜ በካዲነት የጀመርኩ፣ አሁን ፀጉሬ የሸበተ ተጫዋች ነኝ። የምመልሰው በቀኝ ለሚመቱ ነው። ግራኞች ገልብጣችሁ አንብቡት፤ ለእናንተም ከታች አንድ ነገር አለኝ።

ጋሼ፣ ዩቲዩብ ላይ አንዱ ክንድህን ቀጥ አድርግ ይላል፣ ሌላው ዘና በል ይላል። ሦስት ወር ሆነኝ፣ ስዊንጌ (የዱላ አወዛወዜ) በየሳምንቱ ይለወጣል። የቱን ልመን? (ከፒያሳ)

ለአንድ ወር ማንንም አትመን። ስልኩን ዝጋው።

የምታየው ቆንጆ ስዊንግ ነው፤ አንተ የሚያስፈልግህ ደግሞ ነገም ያው የሆነ ስዊንግ ነው። ጂም ፉሪክ የሚባል አሜሪካዊ አለ። ዱላውን ሽቅብ ያነሳውና ሲመልሰው አየር ላይ ቀለበት ይሠራል። መጀመሪያ ያየው ሰው ይስቃል። ይሄ ሰው በ2003 የአሜሪካን ኦፕን የሚባለውን ትልቅ ውድድር አሸነፈ። በ2016 ደግሞ አንድ ዙር በ58 ምት ጨርሶ በፒጂኤ ቱር (የአሜሪካ ፕሮፌሽናሎች ተከታታይ ውድድር) ታሪክ ዝቅተኛውን፣ ማለትም ምርጡን፣ ቁጥር አስመዘገበ። ቀለበቱ ሁሌም ያው ቀለበት ነው፤ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ካናዳዊው ሞ ኖርማን (1929–2004) በሌላ መንገድ ሄደ። የሚንቀሳቀሰውን ነገር ቀነሰ። እግሩን ከፈት አድርጎ፣ ከኳሷ ራቅ ብሎ ይቆማል። እጁን ሲዘረጋ ክንዱና ዱላው አንድ መስመር ይሆናሉ። ኳሷን ሲመታ ዱላው የሚገኝበት መስመር ላይ፣ ገና ሲቆም ደርሷል ማለት ነው። ወደዚያ ለመመለስ ብዙ መፈለግ የለበትም። ኳስ ቀጥ አድርጎ በመምታት ትልልቆቹ ተጫዋቾች ሳይቀሩ ያደንቁት ነበር። እሱን ቅዳ አልልህም፤ የእሱ አቋቋም ለሁሉም ሰው አይመችም። ሐሳቡን ግን ስረቀው፦ «ምን ልጨምር?» አትበል፣ «ምን ልተው?» በል።

ዱላውና ኳሷ የሚነካኩት ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ነው። አንድ ሰከንድ ለሁለት ሺህ ተከፍሎ አንዷ እጅ። እዚያ ላይ የምታርመው ነገር የለም። ጉዳዩ የሚያልቀው ቀድሞ ነው፤ አብዛኛው እንዲያውም ዱላው ከመሬት ሳይነሳ።

እሺ፣ ታዲያ ዱላው ሳይነሳ ምንድን ነው የማስተካክለው? (ከዚያው ሰው)

አያያዝህን። ቀጥሎ አቋቋምህን። ሌላ የለም።

ሰባት ቁጥር አይረን (የብረት ጭንቅላት ያለው መካከለኛ ዱላ) ብቻ ይዘህ ውጣ። ሕጉ አሥራ አራት ዱላ መያዝ ይፈቅዳል፤ አሥራ ሦስቱ ለጊዜው ቤት ይረፉ። ዱላው በግራ እጅህ መዳፍ ላይ ሳይሆን ጣቶችህ ሥር ይረፍ። ቁልቁል ስታይ የግራ እጅህ ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ይታይህ። ቀኝ እጅህ ከሥር ይመጣና ትንሿ ጣቱ በግራው ሌባ ጣትና መሃል ጣት መካከል ባለው ስርጉድ ላይ ትወጣለች። ይሄ አያያዝ በሃሪ ቫርደን ስም ይጠራል፤ የብሪታኒያውን ኦፕን ስድስት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው። ታላላቆቹ ተጫዋቾች ጃክ ኒክላውስና ታይገር ውድስ ግን ትንሿን ጣትና ሌባ ጣትን ይቆላልፋሉ። የተመቸህን ያዝና አትለውጠው።

ምን ያህል ይጥበቅ? ቡና ስትቀዳ ጀበና እንደምትይዘው። ለቀቅ ካደረግከው ይወድቃል፤ ካነቅከው ደግሞ እጅህ ይንቀጠቀጥና ቡናው ረከቦቱ ላይ ይፈሳል። እናቶቻችን ሲኒውን የሚሞሉት ክንዳቸውን ሳይገትሩ ነው።

አቋቋም፦ እግርህ በትከሻህ ስፋት፣ ጉልበትህ ትንሽ ላላ፣ ከጀርባህ ሳይሆን ከዳሌህ ጎንበስ። ኳሷ በእግሮችህ መሃል ወይም ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ። መሬት ላይ ሌላ ዱላ ወይም የመጥረጊያ እንጨት አጋድም፤ እግርህም ዳሌህም ትከሻህም ከእሱ ጋር እኩል ይሂዱ። ሁሉም ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ዘወትር የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው።

ኳሷ ቀጥ ብላ ትሄድና ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ሁሌ። ልጅ ሆኜ ገጠር ገና ስጫወት አንድ ሩር አያመልጠኝም ነበር፤ እዚህ ምን ነካኝ? አዲስ ድራይቨር (ለሩቅ ምት የሚሆነውን ረጅሙን ዱላ) ልግዛ? (ከልደታ)

የነካህ ያው ገናው ነው፣ ወንድሜ።

ስላይስ የሚባለው ይሄ ነው፤ ከጀማሪ አብዛኛውን የሚያሠቃየውም እሱ ነው። ኳሷ የምትነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው የዱላው ፊት፣ ኳሷን የሚነካው ገጽ፣ ነው። የምትታጠፍበትን የሚወስነው ደግሞ ፊቱ ከዱላው መንገድ ጋር ያለው ልዩነት። ዱላህ ከውጭ ወደ ራስህ እየቆረጠ ይመጣል፤ ፊቱ ከዚያ መንገድ አንፃር ወደ ቀኝ ተከፍቷል። ኳሷ በዚያ ትሽከረከርና ትታጠፋለች።

ገና ላይ የምትመታት ሩር እየሮጠች ነው፣ አንተም እየሮጥክ ነው፣ አጠገብህ ደግሞ ሌላ ዱላ አለ። ስለዚህ ጨምቀህ ትይዛለህ፣ በቀኝ ትከሻህ ትጥላለህ። ጎልፍ ላይ ኳሷ ቆማ ትጠብቅሃለች፤ ትከሻህ ግን አሁንም የሚቀማህ ሰው ያለ ይመስለዋል። ገና ሲጫወቱ ያደጉ ብዙ ጎበዞች አይቻለሁ፤ ዓይናቸው ድንቅ ነው፣ ቀኝ ትከሻቸው ግን ይቸኩላል።

ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ ሁለቱንም እጅህን ዱላው ላይ በትንሹ ወደ ቀኝ አዙር፤ የግራ እጅህ ሦስት አንጓ እስኪታይህ። ይሄ ብቻውን የተከፈተውን ፊት ብዙ ጊዜ ይዘጋዋል። ሁለተኛ፣ ባዶ ሃይላንድ አምጣ። ከኳሷ ማዶ አንድ ጡጫ፣ ወደ ቀኝ ደግሞ አንድ ስንዝር ራቅ አድርገህ አቁመው። ሃይላንዱን ሳትነካ ኳሷን ምታ። ከውጭ ከመጣህ ሃይላንዱ ይበራል፤ አስተማሪ አያስፈልግህም። መጀመሪያ በግማሽ ምት፣ በዝግታ። ሃያ ሃይላንድ ብታበር አትናደድ፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።

አዲስ ድራይቨር ልግዛ ያልከውን ግን አልሰማሁም። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል።

ጋሼ፣ ልምምድ ላይ ደህና ነኝ። ሰው ሲያየኝ ቸኩዬ እመታለሁ። ፍጥነቴን እንዴት ልያዝ? (አንዲት ጀማሪ)

እህቴ፣ ጥሩ ተጫዋቾች ዱላውን ለማንሳት የሚወስደው ጊዜ ለመመለስ ከሚወስደው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። አንዱ በአጠቃላይ ፈጣን ነው፣ ሌላው ዝግ ያለ፤ ሦስት ለአንዷ ግን ብዙም አትለወጥም። አንቺ ስትቸኩዪ የምትሰርቂው ከማንሳቱ ነው።

እኔ የምቆጥረው በወያላ ነው። ዱላውን ሳነሳ በሆዴ «ሜክ-ሲ-ኮ» እላለሁ፣ ስመልሰው «ሳበው!» ሦስት ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች። አትሳቂ፣ ሞክሪው። ቃሉ አፍሽ ውስጥ እያለ ሰው አየኝ አላየኝ ለማለት ጊዜ የለሽም። ብቻ «ሳበው» ስትዪ በእጅሽ እንዳትስቢው፤ መጀመሪያ ግራ እግርሽ መሬቱን ይርገጥ፣ ከዚያ ዳሌሽ ይዙር፣ ክንድሽ ተጎትቶ ይምጣ፣ ዱላው መጨረሻ።

ለቡሄ ጅራፍ የሚያስጮኹ ልጆችን አይተሻል? ጉልበተኛው ልጅ እጁን ያወራጫል፣ ጅራፉ ሽው ብቻ ይላል። ቀጭኑ ልጅ እጀታውን በጊዜው ያቆምና ጫፉን ይለቀዋል፣ ሰፈሩ ይደነግጣል። ዱላም እንዲሁ ነው፤ ፍጥነቱ ያለው ጫፉ ላይ ነው።

ከኳሷ በፊት መሬቱን እመታለሁ። ክረምት ላይማ ዱላው ጭቃ ውስጥ ይቀራል። (ከሳሪስ)

ኳሷን ለማንሳት እየሞከርክ ነው። ክብደትህ ቀኝ እግርህ ላይ ይቀራል፣ ዱላው ቶሎ መሬት ይደርሳል። ማንሳቱን ለዱላው ተውለት፤ ፊቱ ጋደም ተደርጎ የተሠራው ለዚያ ነው። ስትቆም ክብደትህን ትንሽ ወደ ግራ አድርግና እዚያው ይቆይ። ሣሩ ላይ በኖራ መስመር አስምር፣ ኳስ አታስቀምጥ፣ መስመሩን በእግሮችህ መሃል አድርገህ በግማሽ ምት ምታ። ሣሩ የሚነሳው ከመስመሩ በስተግራ መሆን አለበት። አሥሩን ከአሥር ስታገኝ ኳስ አስቀምጥ። ድራይቨር ብቻ ነው የተለየው፤ እሱ ላይ ኳሷ ቲ (መሬት ላይ የምትተከል የኳስ ማስቀመጫ) ላይ ናት፣ ወደ ግራ ተረከዝህ ትጠጋለች፣ የምትመታትም ዱላው ሽቅብ ሲጀምር ነው።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ክለብም አባል አይደለሁም። መሃል ከተማ የት ልለማመድ? (ከልደታ፣ ሌላው)

ቤትህ። ከምር።

ኳስ የምትመታበት ቦታ ካልክ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ያለው የጎልፍ ክለብ አለ፤ ከሜክሲኮ በጦር ኃይሎች ታክሲ ሩቅ አይደለም። አባል ላልሆነ ሰው ምን እንደሚፈቀድ ራስህ ሄደህ ጠይቅ። መናፈሻ ውስጥ ግን በፍጹም እንዳትመታ። የጎልፍ ኳስ 46 ግራም እንኳን አትሞላም፤ ግን ሰው ጭንቅላት ላይ ካረፈች ጉድ ነው።

የማይለዋወጥ ምት የሚገነባው ደግሞ ኳስ በመደብደብ አይደለም። ቤት ውስጥ በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። አምስቱን ደቂቃ ዱላውን መያዝና መልቀቅ፣ መያዝና መልቀቅ፤ ቴሌቪዥን እያየህ ይቻላል። የቀረውን ከወገብ እስከ ወገብ የሚደርስ ትንሽ ምት፣ ያለ ኳስ፣ መስታወት ፊት። ከወገብ በላይ አታንሳው። እኔ ሳሎን ውስጥ አንዴ ሙሉ ስዊንግ ሞክሬ አምፖሉን ከነመያዣው አውርጄዋለሁ። ባለቤቴ ዛሬም እንግዳ ሲመጣ ጣሪያው ላይ ያለውን ጠባሳ ታሳያለች። ከዚያ ወዲህ መጥረጊያ ነው የምጠቀመው፤ እጀታውን ያሳጠርኩት።

64 ዓመቴ ነው። ወገቤ እንደ ድሮው አይዞርም። ልተወው? (አንድ አባት)

ጋሼ፣ እንዳይተዉት። ወገብዎን ከመጠምዘዝ ሌላው አካልዎ ይርዳው። የሁለቱንም እግር ጣቶች ትንሽ ወደ ውጭ ያዙሩ። ዱላውን ሲያነሱ ዳሌዎ አብሮ ይዙር፣ የግራ ተረከዝዎም ከመሬት ይነሳ። ስህተት ነው የሚልዎት ካለ ኒክላውስም ተረከዙን ያነሳ እንደነበር ይንገሩት። ሙሉውን ትተው በሦስት ሩብ ምት ይጫወቱ። የሚያጡት ጥቂት ሜትር ነው፤ ኳሷ ግን መሃል ሜዳ ትቀመጣለች። ከጨዋታው በኋላ ሕመሙ ካልለቀቀዎት ግን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ እሱን እኔ አልመልስም።

ግራኝ ነኝ። የግራ ዱላ የለም። በቀኝ ልማር? (አጭር ጥያቄ)

ጀማሪ ከሆንክ፣ አዎ ሞክር። እዚህ አገር ዱላ የሚመጣው ባብዛኛው በሰው ሻንጣ ነው፤ የግራውን እስክታገኝ ዓመት ይሄዳል። በቀኝ ስትመታ መሪው ግራ እጅህ ነው፤ ያ ደግሞ ለአንተ ብርቱው ነው። ዝነኛው ተጫዋች ፊል ሚክልሰን በሌላው ነገር ሁሉ ቀኝ ነው፤ ልጅ ሆኖ ፊት ለፊት ቆሞ አባቱን እንደ መስታወት እያየ ስለተማረ በግራ ይመታል። ሁለት ወር ሞክረህ እንግዳ ከሆነብህ ግን ራስህን አታስጨንቅ፣ የግራ ዱላ አፈላልግ።

ከውጭ ተመልሼ እዚህ ስጫወት ኳሴ ረጅም ትሄዳለች፤ ስላይሴም ቀንሷል። ተሻሻልኩ ማለት ነው? (ከቦሌ)

አይደለም፣ ይቅርታ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የሚያግዳት ስለቀነሰ ኳሷ ትርቃለች። የሚያጣምማትም ያው አየር ስለሆነ፣ ስትሽከረከር እንደ ቆላው አትታጠፍም። ከተማችን ስህተትህን ሸፍናልሃለች። ሞምባሳ ወርደህ አንድ ጠዋት ብትጫወት ስላይስህ እዚያ ቆሞ ይጠብቅሃል። ዱላ ስትመርጥ ግን ይህን አስብበት፤ እዚያ በሰባት ቁጥር የምትደርስበት እዚህ ስምንት ይበቃሃል።

ጓንት የግድ ነው? (ከስታዲየም)

አይደለም። እጅህ ካላበው ይጠቅማል፣ ለግራ እጅ ብቻ። አንድ ነገር ግን ይነግርሃል፦ መዳፉ ላይ ቶሎ ከተቀደደ ዱላውን በመዳፍህ እየያዝክ ነው። ቅዳሜ ስትመጣ አሮጌውን ይዘህልኝ ና፣ ልየው።