ፊደሎቹ ለምን ሰረዝ ሆኑ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው። በአርዱይኖ ኡኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) የሙቀት መለኪያ እየሠራህ ነው። ስክሪኑ ኤስኤስዲ1306 ቺፕ ያለው፣ 128 በ64 ፒክስል የሆነው ትንሹ ኦሌድ ነው። ለእያንዳንዷ ለውጥ ኮዱን ቦርዱ ላይ መጫን ሲሰለችህ፣ ምስሉን ላፕቶፕህ ላይ በኤስዲኤል (ኮምፒውተር ላይ መስኮት ከፍቶ ለመሳል በሚያገለግል የኮድ ስብስብ) መስኮት ለማሳየት ሞከርክ። ፊደሎቹ ግን የተበተኑ ሰረዞች ሆነው ወጡ።

መስኮቱ ደህና ነው። ችግሩ የባይቶቹ አደራደር ላይ ነው። እስቲ ባፈሩን (የምስሉ ባይቶች የሚቀመጡበትን ማህደረ ትውስታ) በሙሉ ዜሮ አድርግና የመጀመሪያውን ባይት ብቻ 255 አድርገው። ኦሌዱ ላይ፣ በላይኛው ግራ ጥግ፣ 8 ፒክስል ቁመት ያላት የቆመች መስመር ታያለህ። ያንተ መስኮት ላይ ግን ያቺው መስመር ተጋድማለች። በዚህ ቺፕ አንድ ባይት ማለት ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ 8 ፒክስሎች ነው፤ ትንሹ ቢት (ቢት 0) ከላይ ነው። አንተ ደግሞ ወደ ጎን እያነበብከው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከግራ 10ኛውን፣ ከላይ 20ኛውን ፒክስል ፈለግህ እንበል፤ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። 20ን ለ8 ስታካፍል 2 ደርሶ 4 ይተርፋል። 2ን በ128 አባዛና 10 ጨምርበት፣ 266 ይሆናል። የምትፈልገው የባይት 266 ቢት 4 ነው። እያንዳንዱን ፒክስል 6 በ6 አድርገህ ብትስለው መስኮትህ 768 በ384 ይሆናል፤ ለዓይን ይመቻል።

የስዕል ኮድህን ለቦርዱም ለላፕቶፑም አንድ አድርገው። የሚለየው ባፈሩን የሚልከው የመጨረሻው ፈንክሽን ብቻ ይሁን።

ከዚህ በኋላ ፍጥነቱ እንዳይሸውድህ። እኔ ላፕቶፕ ላይ ፈሰስ እያለ የሚሄድ ግራፍ ሠርቼ፣ ቦርዱ ላይ እየዘለለ አስቸግሮኛል። ባፈሩ 1024 ባይት ነው፤ ቦርዱን ከስክሪኑ ጋር በሚያገናኘው በአይቱሲ መስመር እያንዳንዱ ባይት 9 ቢት ይወስዳል። ይህ መስመር በ100 ኪሎኸርዝ ከሄደ አንድ ምስል ለመላክ ቢያንስ 92 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በ400 ደግሞ 23። ይህንኑ ያህል መዘግየት መስኮትህም ላይ ጨምርበት።

ኢንት የሚባለውን የሙሉ ቁጥር ዓይነትም አትርሳ። በተለመደው ኡኖ (አር3) ላይ 16 ቢት ነው፣ ላፕቶፕህ ላይ 32። 300ን በ120 ብታባዛ ላፕቶፕህ 36000 ይልሃል፣ ኡኖ ግን ከ32767 በላይ ስለማይችል ኔጌቲቭ ቁጥር ይሰጥሃል። እንዲህ ያለውን ማባዛት በሁለቱም ቦታ ግልጽ በሆነ የ32 ቢት ዓይነት ሥራው።