«በእጅ መሳል ምን ያደርግልናል?» ለምትሉ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት የአርክቴክቸር ተማሪ «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ንድፉን በደቂቃ ሬንደር አድርጎ፣ ፎቶ አስመስሎ ካወጣው በእጅ መሳል ምን ያደርግልናል?» አለችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝ።

አዲስ ተቀጣሪ ሳለሁ ቢሮው ቦታ ሲቀይር የድሮ ንድፎች በጥቅል በጥቅል ወጥተው ተቃጠሉ። ራፒዶግራፍ በሚባል የቀለም ብዕር የተሳሉ፣ ስህተታቸው በምላጭ እየተፋቀ የታረመ፣ የሰው ዓይን ያለቀባቸው ወረቀቶች ናቸው። ቦታ ያዙ ተባለ። ማን ይሰማኛል ብዬ ዝም አልኩ። ከነዚያ ንድፎች አንዳንዶቹ ዛሬ የፈረሱ ቤቶች ንድፎች ነበሩ፤ መልካቸውን የሚያሳየን የለም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ነው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኤግዚቢሽን አዳራሾችን የሚያሳዩ የሥዕል ሕትመቶችን እያሳደድኩ ማየት የጀመርኩት። ክሪስታል ፓላስ የተባለውን የለንደን ኤግዚቢሽን አዳራሽ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1851 ሃይድ ፓርክ ውስጥ በብረትና በመስታወት ተሠራ፤ ርዝመቱ ከ560 ሜትር በላይ ነው። ንድፉን ያወጣው ጆሴፍ ፓክስተን ሐሳቡን መጀመሪያ የሞነጫጨረው ስብሰባ ላይ ተቀምጦ፣ ቀለም መምጠጫ ወረቀት ላይ ነበር። የኤግዚቢሽኑ ሕንፃ ኮሚቴ የራሱ የጡብ ንድፍ ነበረው፣ ሕዝቡ ግን አልወደደውም። ፓክስተን ሥዕሉን በ1850 ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ በተባለ ጋዜጣ ላይ አወጣው፣ ሰው አየው፣ ወደደው፣ ኮሚቴውም ተቀበለ። አንድ ምሰሶ ሳይቆም ሥዕሉ ሕዝቡን አሸነፈ!

ሕንፃው በኋላ ለንደን ውስጥ ወዳለው ሲደንሃም ሰፈር ተዛውሮ በ1936 ተቃጠለ። ዲኪንሰን ወንድማማቾች ያሳተሟቸው የአዳራሹ ባለቀለም ሊቶግራፎች ግን አሉ። ድንጋይ ላይ ተስሎ፣ ለየቀለሙ ሌላ ድንጋይ እየተዘጋጀ የታተመ ሥራ ነው። እንዳይቆረጡ ሲባል አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ትልልቅ ዛፎች ሳይቀሩ ይታያሉ። ከሥር የሚመላለሱትን ሰዎች ተመልከቱ፤ የጣሪያው ከፍታ የሚገባችሁ በነሱ ነው። ደግሞ ሁሉንም አትመኑ፣ ሕንፃው እንዲገዝፍ ሰውን የሚያሳንስ ሠዓሊ ነበር።

እናንተ የዘንድሮ ልጆች አንድ ሥዕል ፊት አትቆሙም፣ ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ አንስታችሁ ታልፋላችሁ። ይሄ ያናድደኛል። ኮምፒውተሩን ግን ተጠቀሙበት፤ እኔም ያለሱ አልሠራም። ብቻ ከነዚህ ሕትመቶች አንዱን መርጣችሁ በእርሳስ ገልብጡ፤ ቅስቱ የት ላይ እንደሚያርፍ እጃችሁ ይወቀው። የራሳችሁን ሙንጭርጭርም ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡ። የፓክስተን መምጠጫ ወረቀት አልተጣለችም፤ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አለች።