ጥያቄና መልስ፦ የቦይ ፍሳሽና የፖሊዮ ክትትል

ጥያቄ፦ በጎንደር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። የፖሊዮ ቫይረስ ከፍሳሽ ላይ እንደሚገኝ ሰምቻለሁ። በሰፈራችን ግን አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው በጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። ናሙናው ከየት ይወሰዳል? ቫይረሱ ቢገኝ ከማን ቤት እንደመጣ ይታወቃል? (ከማራኪ)

መልስ፦ ከማን ቤት እንደመጣ አይታወቅም። የሚታወቀው፣ ፍሳሹ ከወረደበት አካባቢ ቫይረሱን በሰገራው የሚያወጣ ሰው መኖሩ ነው። ይህ ትልቅ መረጃ ነው። በፖሊዮ ከተያዙ 200 ሰዎች ሽባ የሚሆነው 1 ገደማ ሲሆን ከሌሎቹ አብዛኞቹ ጤነኛ መስለው ቫይረሱን ለሳምንታት ያወጣሉ።

ናሙናው የሚወሰደው ብዙ ሕዝብ ያለበት ሰፈር ፍሳሽ ተሰብስቦ ከሚወርድበት ቦይ፣ ቀሃን ከመሰለ ወንዝ ከመቀላቀሉ በፊት ነው፤ ወንዝ ውስጥ ከገባ ይቀጥናል። በረኪና የሚለቀቅበት ቦይ አይመረጥም፤ ክሎሪን ቫይረሱን ያጠፋዋል። ጉድጓድ ውስጥ የሚቀረው ሰገራ ግን ቦይ ስለማይደርስ፣ በእንደዚህ ዓይነት ሰፈር «አልተገኘም» የሚል ውጤት ብቻውን አያስተማምንም።

የሚቀዳው በማለዳ፣ ፍሳሹ በሚበዛበት ሰዓት፣ ጓንትና ቦት ጫማ አድርጎ ነው። 1 ሊትር ይበቃል፤ ከሥር ያለው ጭቃ እንዳይነሳ መጠንቀቅ ያሻል። ጠርሙሱ ከተከደነ በኋላ ውጩ ይጸዳል፣ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይጻፍበታል፣ በበረዶ ጥቅል መካከል ይቀመጣል። የክትባት ሳጥን ለዚህ በፍጹም አይውልም። የፖሊዮ ላብራቶሪው አዲስ አበባ፣ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ስለሆነ መንገዱ ረጅም ነው። ብዙ ናሙና የሚበላሸውም በጉዞ ላይ በረዶው ሲቀልጥ ነው።

ላብራቶሪው 500 ሚሊ ሊትሩን ወደ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ አሳንሶ በሕያው ሴሎች ላይ ያሳድገዋል። ፖሊዮ ባይገኝም ሌሎች የአንጀት ቫይረሶች ከተገኙ ናሙናው ደህና እንደነበረ ይታወቃል። ቢያንስ ከናሙናዎቹ ግማሽ ያህሉ እነዚህን ካላሳዩ ቅዝቃዜውና አቀዳዱ ይፈተሻል፤ ካልተሻሻለ ቦታው ይቀየራል።

አምስት ቦታ አንድ አንድ ጊዜ ከመቅዳት አንዱን በየወሩ ሳያቋርጡ መቅዳት ይሻላል። በክረምት ጎርፍ ፍሳሹን ስለሚያቀጥነው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ባይቀዳ ይመረጣል፤ ከተቀዳም ዝናብ መጣሉ በቅጹ ላይ ይመዝገብ። ከእርስዎ ሥራ ጋር የሚገናኘው ዋናው ነገር ያልተከተቡ ሕፃናት መዝገብ ነው፤ ቫይረሱ ሲገኝ የቤት ለቤት ክትባቱ ከየትኛው መንደር መጀመር እንዳለበት የሚያሳየው እሱ ነው።