ቆዳው እስኪፈቅድ፦ ለወጣት የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ስብራት ነው፤ ሰው ከከፍታ ወድቆ በእግሩ ሲያርፍ የቅልጥሙ የታችኛው ጫፍ ከነመገጣጠሚያው ስለሚፈረካከስበት ስብራት። «ፒሎን» የሚለውን ስም በ1911 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ፈረንሳዊው ዴስቶ ሲሆን፣ ቃሉ በቋንቋው ዘነዘና ማለት ነው። ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ የሚሠራውን እያየ ላደገ የአገሬ ሰው ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በወጣትነቴ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ የወደቀ አንድ የቀን ሠራተኛ ተቀብዬ በማግስቱ ቀዶ ሕክምና አደረግሁለት። ስብርባሪውን ለቅሜ በብረትና በብሎን ሳስር ኤክስሬዩ እጅግ ያምር ስለነበር ለባልደረቦቼ እየዞርኩ አሳየሁት። በአሥረኛው ቀን የቁስሉ ጠርዝ ጠቆረ፤ ቆይቶም ተከፈተና ብረቱ ታየ። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ አጥንቱን እንጂ ቆዳውን አላየሁም። በቁርጭምጭሚት ዙሪያ ከቆዳው ሥር የሚሸፍን ጡንቻ ስለሌለ፣ ያበጠና ውሃ የቋጠረ ቆዳ በቢላ ሲነካ ለመዳን የሚበቃ ደም አያገኝም።

ሩዲ እና አልጎቨር የተባሉት የስዊዘርላንድ ሐኪሞች በ1969 እ.ኤ.አ. ያስተማሩት ሥርዓት፣ ማለትም ከቅልጥሙ ጎን ያለውን ቀጭን አጥንት ወደ ርዝመቱ መመለስ፣ የመገጣጠሚያውን ገጽ ማስተካከል፣ ክፍተቱን በአጥንት መሙላትና በብረት መደገፍ፣ ዛሬም መሠረታችን ነው። ሆኖም ከታካሚዎቻቸው ብዙዎቹ በበረዶ ሸርተቴ የተጎዱ ነበሩ፤ በመኪና አደጋና ከፎቅ በመውደቅ ለሚደርሰው ስብራት ያንኑ ወዲያውኑ የፈጸሙ ሐኪሞች እንደ እኔው ቁስል ተከፈተባቸው። ሥራውን በሁለት ደረጃ መክፈል በስፋት የተለመደው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከውጭ በሚታሰር ብረት እግሩን ወደ ርዝመቱ መልሱ፤ ሲቲ ስካኑንም ከዚያ በኋላ አስነሱ፤ ተስቦ የተስተካከለ ስብርባሪ የየት ቁራጭ እንደሆነ ለማወቅ ይቀላልና። ከዚያ እግሩን ከፍ አድርጋችሁ እብጠቱ ጎድሎ ቆዳው እስኪሸበሸብ ጠብቁ፤ አሥር ቀን ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ሳምንትም ሊሞላ ይችላል። አስታማሚዎች «ለምን አይሠራለትም?» እያሉ ይጨቀጭቋችኋል፤ አልጋ የጠበበበት ክፍል ኃላፊም እንዲሁ። ምክንያቱን በትዕግሥት አስረዱ እንጂ ቀኑን አታሳጥሩ።

ወጌሻ ቤት ቆይቶ የመጣን ሰው አትቆጡት። መጀመሪያ ማሰሪያውን ፍቱ፣ የጣቶቹን ሙቀትና ስሜት ፈትሹ፤ ወቀሳው ለእግሩ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ቀዶ ሕክምናው ቢሳካም መገጣጠሚያው ሊደርቅና ውሎ አድሮ ሊያም እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሩት። እግሩን ሳይረግጥ ወደ ሦስት ወር ገደማ እንዲቆይ ስታዙም፣ በቀን ሥራ የሚያድር ከሆነ፣ በዚያ ጊዜ ቤቱን ማን እንደሚያበላ፣ ወደ ክፍሉ የሚወጣበት ደረጃ ስንት እንደሆነ ጠይቁት፤ መልሱን ከኤክስሬዩ ጋር በካርዱ ላይ ጻፉት።